በዓይነት የሚሰጥ መባ

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብር ያልያዘ ምእመን ባዶ እጁን አይመጣም። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ጥቂት ስንዴ ወይም በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ለመባ ያቀርባል፤ ተሽጦም ገንዘቡ ለአገልግሎት ይውላል። ይህን ልማድ የማደንቀው ልግስናን የባለጠጎች ብቻ ስላላደረገው ነው። ጉልበቱም በታሪክ ታይቷል። በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ዘመን አገር ለቀው ሲወጡ፣ የከምባታና የሀዲያ ምእመናን አልተበተኑም፤ ይልቁንም እጅግ በዙ። የወንጌል ሰባኪው ስንቅ ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከገበሬው ጓዳ ይወጣ ነበርና።

«ከድሃ አፍ መንጠቅ ነው» የሚል ይኖራል። መባው በግዳጅ ወይም «ስጡና ትበለጽጋላችሁ» በሚል ማባበያ ከተወሰደ ወቀሳው ትክክል ነው። በፈቃድ የሚሰጠውን ግን መከልከል ድሃውን ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አድርጎ ማስቀረት ይሆናል፤ ክርስቶስም የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አልናቀም። ዛሬ ደግሞ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ልጆቿ የሚልኩት ገንዘብ ሆሳዕናን በፎቅ እየሞላት ነው። ሀብቱ ኃጢአት አይደለም፤ በሉቃስ 12 ያለው ሞኝ ባለጠጋም የተወቀሰው ስላመረተ ሳይሆን ሁሉንም ለራሱ ስላከማቸ ነው። ነገር ግን የባለጠጋው ስጦታ የድሃዋን መባ ማሳፈር የለበትም፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሆይ፣ የሰጪን ስምና የብር መጠን በማይክራፎን ማንበብ ካለ ይቅር፤ እንቁላል ያመጣችው እናት አንገቷን አትድፋ።