ጥግ የያዙት

ስለ «ስታር ዋርስ» ሲወራ ወጣቶቻችን የሚያነሡት የብርሃን ሰይፉን፣ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀውን ዳርት ቬደርንና የጠፈር መርከቦቹን ነው። እኔ ግን በዚህ ዕትም ስለ እነርሱ አልጽፍም። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ፣ ሞስ አይስሊ በሚባል የወደብ ከተማ፣ አንድ ጨለምለም ያለ መጠጥ ቤት አለ። (መጠጥ ቤት ስለሆነ አትደንግጡ፤ የምንገባው ለመጠጣት አይደለም።) ወጣቱ ሉክና አረጋዊው ኦቢ ዋን አብራሪ ፍለጋ ወደዚያ ይገባሉ። ቤቱን የሞሉት ከየዓለማቱ የመጡ ፍጡራን ናቸው። አብዛኞቹ በፊልሙ ውስጥ ስም የላቸውም፣ አንዲት ቃል እንኳ አይናገሩም። ካሜራው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ያያቸውና ያልፋል። ይሁን እንጂ የፊልሙ ትልቁ ሀብትም ትልቁ ጉድለትም እዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ እንዴት እንደተሠሩ ልንገራችሁ። ትዕይንቱ በቅድሚያ የተቀረጸው እንግሊዝ አገር ነው። ጭምብሎቹን ይሠራ የነበረው ስቱዋርት ፍሪቦርን በመሐል ታመመና ሥራው ሳያልቅ ቀረ። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ በተገኘው ምስል ስላልረካ፣ አሜሪካ ውስጥ ወጣቱ የጭምብል ባለሙያ ሪክ ቤከር ከጓደኞቹ ጋር ተጨማሪ ፍጡራን እንዲሠራ ተደረገ። ጊዜውም ገንዘቡም አጭር ነበር። ስለዚህ አዲስ ከሠሯቸው ጋር ቀድሞ ተሠርተው የተቀመጡ ጭምብሎችንም ጨመሩባቸው። ራሰ በራዎቹን ሙዚቀኞች ደግሞ ሌላ ተዋናይ አልተጫወታቸውም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ጭምብሉን አጥልቀው ተቀረጹ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን የሙዚቃ ቡድን ሳይ ሳቄ ይመጣል።

አሁን ሁለት ፍጡራንን አስተያዩልኝ። አንደኛው ባለ ቀንድ ነው። ፊቱ የቆየ የአውሮፓ ሥዕል ላይ ያለ ሰይጣን ይመስላል፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ፈገግ ይላል። እርሱን አይቶ «ይኼማ የአጋንንት ፊልም ነው» ብሎ ስልኩን የሚያጠፋ ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ባለ ቀንዱ ምን ሲያደርግ እንደታየ ልጠይቃችሁ። ምንም አላደረገም። ተቀምጦ ፈገግ አለ፣ በቃ። እኔ የምቃወመው ቀንዱን ሳይሆን ስንፍናውን ነው። ከመደርደሪያ የወረደ የሰይጣን ፊት ተመልካቹን ምንም አይጠይቀውም። ገና ሳናየው እናውቀዋለን፤ ወይም የምናውቀው ይመስለናል። የተኩላ ጭምብል ያጠለቀውም እንዲሁ ነበር። ፊልሙ በ1997 ታድሶ ሲወጣ ተኩላው ተነሥቶ ሌላ ፍጡር ቦታውን ያዘ። ሉካስ ራሱ አፍሮበታል ማለት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሁለተኛው አንገቱ ወደ ፊት እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ ጭንቅላቱ እንደ መዶሻ በአግድም የተዘረጋ፣ ዓይኖቹ በሁለቱ ጫፎች ላይ የተተከሉ ፍጡር ነው። ይህን ስታዩ መቆጣቱን ወይም ማዘኑን ከፊቱ ማንበብ አትችሉም። አፉ የት ነው? በየትኛው ዓይኑ ነው የሚያየን? ከፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ይታየዋል? ጥሩ የፍጡር ንድፍ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ እንዴት እንደሚኖር እንድንጠይቅ ያስገድደናል። ጨለማው ቤትና ጭሱ የጎማውን ስፌት ቢደብቁለትም፣ ጥያቄውን ያስነሣው ቅርጹ ነው።

የስሙ ታሪክ ግን ያሳዝናል። ከፊልሙ በኋላ ኬነር የተባለ የአሻንጉሊት ኩባንያ እነዚህን ፍጡራን በፕላስቲክ አውጥቶ ሲሸጥ ስም አስፈለገው። አንገተ ቆልማማውን «መዶሻ ራስ»፣ ሌላውን ደግሞ ጥርሱ የባሕር አውሬ ስለሚመስል «ዋልረስ ሰው» አለው። አዳም እንስሳቱን የጠራቸው ፊት ለፊቱ ቀርበው፣ አይቷቸው ነበር፤ ይህ ግን ዕቃ ላይ ዋጋ እንደ መለጠፍ ነው። ኋላ የመጡ ደራስያን ግን ለመዶሻ ራሱ ሕዝብና አገር ሰጡት። ወገኖቹ ኢቶሪያውያን ይባላሉ፤ ሰላማውያን ናቸው፤ ደናቸውን እንዳይጎዱ ብለው ከመሬት በላይ በሚንሳፈፉ ከተሞች ይኖራሉ። ከሺሺንዳ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙን እያየ የሚያድግ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል አባት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ደን ጎረቤቱ የሆነ ልጅ፣ ከዚያ ቤት ሁሉ ዘመዱ ማን እንደሆነ ለመናገር አይቸገርም። መልኩን ብቻ ቢያይ ግን ይሸሸው ነበር።

ወደ ቋንቋ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ቀረብ ይላል። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ለፍጡራኑ ቋንቋ ሲፈልግ ከእውነተኛ የሰው ቋንቋዎች ነበር የተነሣው። በበረሃው የሚመላለሱት ቆብ የለበሱ ድንክዬዎች፣ ጃዋዎቹ፣ ንግግራቸው ከዙሉ ቋንቋ ተነሥቶ የተፋጠነ ነው። በመጠጥ ቤቱ ሃን ሶሎን የሚያስጨንቀው አረንጓዴው ግሪዶ ቋንቋው ከደቡብ አሜሪካው ኬችዋ የተቀዳ ነው። በ1983ቱ «ሪተርን ኦቭ ዘ ጄዳይ» ደግሞ የላንዶ ረዳት አብራሪ የሆነውን ኒየን ነንብን በድምፁ የተጫወተው ኪፕሳንግ ሮቲች የተባለ ኬንያዊ ተማሪ ነበር፤ የተናገረውም በምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋ ነው። አሜሪካዊው ተመልካች «እንዴት ያለ እንግዳ ድምፅ!» ሲል፣ ቋንቋውን የሚያውቀው የእኛው ጎረቤት ግን ቃሉ ይገባዋል። አንድ ቀን በካፊኖኖ የሚናገር ባለ ሦስት ዓይን ፍጡር በስክሪኑ ቢመጣ ምን ይሰማን ነበር? እኛ ቤት ገበያ የምንወጣበት፣ እናቶቻችን የሚቆጡንና የሚያባብሉን ቋንቋ፣ ለሌላው የማርስ ድምፅ ሆኖ ሲቀርብ? እኔ መጀመሪያ እስቅ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ በሩ ተመለሱ። ሉክ ሁለቱን ሮቦቶች አስከትሎ ሲገባ አሳላፊው ይጮኽበታል፤ እነርሱን ቤቱ አያስተናግድም፣ ውጭ ይጠብቁ ይላል። ባለ ቀንዱ ተቀምጧል፣ መዶሻ ራሱ ተቀምጧል፣ ነፍሰ ገዳዮች ተቀምጠዋል። ውጡ የተባሉት ግን ማንንም ያልነኩት ናቸው። ወርቃማው ሲ ስሪ ፒ ኦ ያለ ክርክር ወጣ፤ ሉክም አልተከራከረለትም፤ ፊልሙም ወደ ጉዳዩ አልተመለሰም። ዳይሬክተሩ ይህን ያህል ሰፊ ቤት ሠርቶ በሩ ላይ የሆነውን እንደ ተራ ነገር ማለፉ ያበሳጨኛል። በእኛም አካባቢ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን ከሌላው ሰው ቤት አይገቡም፣ አብረውም ማዕድ አይቀርቡም ነበር፤ «የሚበሉት ርኩስ ነው» ተብሎ። ማገዶውንና ከሰሉን ከእጃቸው የሚገዛው ሰው ደጃፉን ግን ይዘጋባቸው ነበር። በወጣት ኅብረታችን ይህ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልፏል የሚል ካለ፣ ሻይ ሲቀርብ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይመልከት። ያችን የበር ላይ ትዕይንት እንደ ቀልድ ማለፍ ለካፋ ተመልካች ቀላል አይደለም።

ሌላም ልብ ያልኩት ነገር አለ። ከጥግ ተነሥተው ወደ መሐል የመጡት ፍጡራን ምን ሆኑ? «ዋልረስ ሰው» ሉክን ተተናኮለና ክንዱ ተቆረጠ። ግሪዶ ተናገረና ተገደለ። ሳይሞት የቆየው ዝም ብሎ የጠጣው ነው። እንግዳ ፊት ያለው ሁሉ ወደ ካሜራው የሚቀርበው ለመመታት ከሆነ፣ ያ ሁሉ የጭምብል ጥበብ ለጀግኖቹ መንጠላጠያ ግድግዳ ሆኖ ቀርቷል።

በአገራችን የተሠራው «ክራምብስ» ነገሩን የገለበጠው በዚህ ነው። በአዲስ አበባ የኖረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት ይህ የአማርኛ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ። ርእሱ ፍርፋሪ ማለት ነው፤ ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን በቦታ በቦታ ይረዝማል። ዓለም ካለቀች በኋላ አንድ የጠፈር መርከብ ከላይ ተንሳፍፎ ቆሟል። ከውስጡ የሚወርዱ ባለ መዶሻ ራሶች አታዩም። በዳሎል ቢጫ ምድር ላይ የሚራመደው ትንሹ ሰው ካንዲ፣ እርሱ ራሱ ከሌላ ፕላኔት የመጣ እንደሆነና ወደ አገሩ መመለስ እንዳለበት ያምናል። እንግዳው መሐል ላይ ነው፤ ፊቱም የእኛ ፊት ነው። እንግዳ ሆነው የቀሩት ዕቃዎቹ ናቸው፤ ፕላስቲክ የገና ዛፍ፣ የልጆች አሻንጉሊት፣ ሰዎቹ እንደ ቅርስ የሚተምኑትና የሚንከባከቡት የፋብሪካ ትርፍራፊ። ፍቅረኛው በርዲ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች፤ ይህኛው ትዕይንት ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሉካስ ጎማ አቅልጦ ፍጡራን ሠራ፤ ያንሶ ገንዘብ ስላልነበረው ዳሎልን እንዳለ ቀረጸና የኬነርን ዓይነት አሻንጉሊት መሬት ላይ አስቀመጠው።

ሁለቱንም የምታገኙ ከሆነ «ክራምብስ»ን አስቀድሙ። ከዚያ የመጠጥ ቤቱን ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ፣ ሉክንና ሃን ሶሎን ትታችሁ፣ ከትከሻቸው ኋላ ያለውን ብቻ እዩ።