ፊቱንስ አየን፤ እግሩስ?

አንዳንድ ፊልም ተመልካቹን ሁለት ጊዜ ይፈትነዋል፤ አንድም በጤናው፣ አንድም በሕመሙ። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ያዘጋጀውንና በ1957 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃውን «የቶኪዮ ኦሊምፒያድ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እኔ ያየሁት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሳየው በየማለዳው ከጃን ሜዳ ተነሥቼ ወደ እንጦጦ ግርጌ የምሮጥ ጎረምሳ ነበርኩና፣ ከፊልሙ ሁሉ የቀረልኝ አበበ ቢቂላ ብቻ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ቀኝ እግሬ በጄሶ ታስሮ ነበር። ያየሁትም ሌላ ፊልም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣቶቼ ከፍ ብሎ፣ የእግሬ መሐል አንድ ቦታ ላይ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ለአሠልጣኛችን ብነግረው «አበበ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ አንተ ጫማ አድርገህ ታነክሳለህ?» አለኝ። ጓደኞቼ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ፤ ታሸሁ፤ ባሰብኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። እኔም አፍሬ ሦስት ሳምንት ሮጥኩበት። በሁለተኛው ራጅ ስንጥቁ ወለል ብሎ ታየ። በመውደቅ ሳይሆን በጫና መደጋገም የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ብዙ ጊዜ በራጅ እንደማይታይ የተረዳሁት ያኔ ነው። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። ያሠሩት ባለሥልጣናት የውድድር መዝገብ ሲጠብቁ የጥበብ ሥራ ስለመጣባቸው ቅር ተሰኝተው እንደነበር ይታወቃል። ለእኔ የፊልሙ ትልቅነት እዚያው ላይ ነው። ኢቺካዋ ማራቶኑን የአሸናፊው ብቻ አላደረገውም። ውኃ ለመጠጣት የሚቆመውን፣ ጉልበቱ ከድቶት ከመንገድ የሚወጣውን፣ እግሩ የቆሰለውን ሁሉ እንደ ሰው ያያቸዋል፤ አይስቅባቸውም፣ አያዝንላቸውምም። በጄሶ የታሰረው እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ እነዚያን ሰዎች ሳይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ።

አበበ ላይ ሲደርስ ግን ካሜራው ከሁሉ አብልጦ የሚዘገየው ፊቱ ላይ ነው። ያ ፊት ደግሞ ምንም አይናገርም። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን ከሐውልት ጋር አንድ ችግር ይጋራል፤ ሐውልትን ምንም አያመውም። ከውድድሩ 40 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው መሆኑን ከዚያ ፊት ማን ያነባል?

ወቀሳው ግን ለኢቺካዋ ብቻ አይደለም፤ ለኛም ነው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ባዶውን የሮጠውን እግር ሳንታክት እንተርካለን። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የሆነውን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፈዋለን፦ አበበ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴም ቀጥሎ ወርቁን አመጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈ በኋላ፣ ጠንካራው መም እግሩን ስላቆሰለው የ5 ሺህ ሜትሩን ውድድር ትቶታል። እነዚህ ታሪኮች የድክመት ታሪኮች አይደሉም። ታላላቆቹም እግራቸውን እንደሚሰሙ የሚመሰክሩ ናቸው። አሠልጣኜ ከአበበ ታሪክ ግማሹን ብቻ ነበር የነገረኝ፤ እኔም በጎደለው ግማሽ ተሰበርኩ። ጽናትን ብቻ የሚያወድስ ትረካ ሳያስበው ልጆችን ያሰብራል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አጥንቱ ገጠመ፤ እኔ ግን ሯጭ አልሆንኩም። ከዓመታት በኋላ አንድ ማለዳ ጃን ሜዳ ሳልፍ፣ አንድ ልጅ ዳር ተቀምጦ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያሽ አየሁ። ጓደኞቹ «ተነሥ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» እያሉ በአጠገቡ ያልፋሉ። ሁሉም የሚያዩት ፊቱን ነው። ሄድኩና ጎንበስ ብዬ፣ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት።