አድን እና ተካ

«ቢግ ብራዘር አፍሪካ» በኅብረታችን ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ዝሙቱ ነው። ተገቢ ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ የጨዋታው ሕግ ነው።

በ2005 ዓ.ም. «ዘ ቼዝ» በተባለው ዙር ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ14 አገሮች የመጡ 28 ወጣቶች ለ300,000 ዶላር ተወዳደሩ፤ የናሚቢያዋ ዲሊሽ ማቲውስ አሸነፈች። ሲጀመር ሩቢና ዳይመንድ በተባሉ ሁለት ቤቶች ተከፍለው ነበር። ሲቀላቀሉ ግን የትናንቱ ወዳጅነት አይበቃም ነበር፤ ሌላ ወዳጅ መፈለግ ግድ ነበር። ተጫዋቹ ለብቻው ገብቶ ይውጡልኝ የሚላቸውን ይጠቁም ነበር፤ ወጥቶም አብሯቸው እራት ይበላ ነበር።

የቤቱ አለቃ ከተጠቆሙት አንዱን ማዳን ይችል ነበር፤ በምትኩ ግን ሌላ ሰው ያስገባ ነበር። አለቃው ራሱ ከተጠቆመ ማንን እንደሚያድን መገመት አያስቸግርም ነበር። ማዳንና መተካት! እኛ እነዚህን ቃላት የምናውቃቸው ከመስቀሉ ነው፤ በዚያ የተተካው አዳኙ ራሱ ነው።

ብልሃት ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። በሉቃስ 16 ከሥራው ሊባረር የነበረው መጋቢ የዘይቱን ዕዳ ከመቶ ወደ አምሳ አውርዶ ወዳጅ ሲያበጅ ጌታው አመስግኖታል። እርሱ ግን ወዳጅ ያፈራው ዕዳ አቅልሎ እንጂ ሰው አስወጥቶ አይደለም።

እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ የወጣት መሪዎች ምርጫ ሲደርስ ከልምምድ በኋላ በር ላይ የምንንሾካሾከውስ? ባለፈው ምርጫ የአንድ ወንድም ስም እንዳይገባ በሁለት ሰዎች ጆሮ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ዛሬም መዝሙር ላይ አጠገቤ ይቆማል፤ አልነገርሁትም።