ማዘናጋት በካርታ ምትሃት፦ የሬኔ ላቫንድ ስድስት ካርታዎች

የካርታ ምትሃት በተነሣ ቁጥር «እጁ ፈጣን ነው» ብሎ ማለፍ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ይህ ፍርድ ምትሃተኛውን ከከያኒነት አውርዶ ከሯጭ ተርታ ያሰልፈዋል፤ ተመልካቹንም ዓይኑ የዘገየ ምስኪን ያደርገዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው። የዚህ ጥበብ ምሰሶ ጣት ሳይሆን ማዘናጋት ነው፤ ይኸውም ለተመልካቹ ከምስጢሩ ይልቅ የሚማርክ ነገር የመስጠት፣ የድርሰትና የዝግጅት ሥራ ነው።

ለዚህ አርጀንቲናዊው ሬኔ ላቫንድ (እ.ኤ.አ. 1928–2015) ዓይነተኛ ምስክር ነው። ላቫንድ በዘጠኝ ዓመቱ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁን ያጣና በግራ እጁ ብቻ የሠራ ባለሙያ ነበር። ሌሎች በሁለት እጅ እየተቻኮሉ የሚያሳዩትን እርሱ በአንድ እጅ፣ ያውም በዝግታ አሳየው። እጅግ የታወቀው ትርኢቱ ሦስት ቀይና ሦስት ጥቁር ካርታዎችን ብቻ የያዘ ነው። አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር እያደረገ ያሰባጥራቸዋል፤ ሲገልጣቸው እንደ ዘይትና ውኃ ተለያይተው ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይገኛል። ይደግመዋል፤ አሁን ቀስ ብሎ። ይሠልሰዋል፤ አሁን ይበልጥ ቀስ ብሎ። ከዚህ በላይ በዝግታ ሊሠራ እንደማይችልም ይናገራል።

ማዘናጋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝግታውን ባወጀ ቁጥር ተመልካቹ ፍጥነትን ያድናል፤ ምስጢሩ ግን ቀድሞውንም በፍጥነት ውስጥ አልነበረም። ላቫንድ የሸሸገው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ሰው በተሳሳተ ጥያቄ ከተጠመደ ዓይኑ የትም ቢያርፍ ግድ የለም። ጉስታቭ ኩንና ቤንጃሚን ታትለር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሲጋራ በሚሰወርበት ትርኢት የተመልካቾችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ሲጋራው በግልጽ ሲወድቅ ማየትና አለማየትን የወሰነው ዓይን ያረፈበት ቦታ አልነበረም።

የመድረክ ሰው ይህን ከልምዱ ያውቀዋል። አንዱ ተዋናይ ሲናገር ከበስተኋላው ያለው መሐረቡን ቢያወጣ ንግግሩ ሞተ ማለት ነው። ምትሃተኛውም ምስጢር ወደያዘው እጁ ካየ ሁላችንም አብረን እናያለን፤ ቀና ብሎ ጥያቄ ቢጠይቀን ደግሞ ዓይናችን ወደ ፊቱ ይነሣል። ሳቅና ጭብጨባ ሲመጣ ልብ ይላላል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራውን የሚፈጽመው ትርኢቱ ያለቀ፣ ወይም ገና ያልጀመረ በመሰለባት በዚያች ቅጽበት ነው። ድንገት ወደ ጣሪያ የሚጠቁም ጀማሪ ግን፣ ተመልካቹ ብልሃቱን ባያገኝ እንኳ የተታለለበትን ቅጽበት ያስይዘዋል። ያ ከተያዘ ምን ምትሃት ቀረ? (የገበያ ዳሩ የ«ቀይዋን ያየ» ቁማርተኛም በግብረ አበሮቹ ጫጫታ ያዘናጋል፤ የእርሱ ተመልካች የሚነቃው ግን ኪሱ ከተራቆተ በኋላ ነው።)

ላቫንድ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። በአንዳንድ ትርኢቶቹ ትረካው ከሚገባው በላይ ይረዝማል፤ ትካዜው ይበዛል፤ ካርታዎቹም የትረካው ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ለመዘናጋት እንኳ በቂ ጉጉት አይኖረውም። በስድስቱ ካርታዎች ላይ ግን ቃሉ ጥቂት ነው። ቀኝ ክንዱን በኮቱ ኪስ ከትቶ፣ ካርታዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ በመካከሉም ለመጠራጠር የሚበቃ ጊዜ ይሰጠናል።