ለጥበብ ጭቃም ይበቃል
አዲስ አበባ ውስጥ ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ ላይ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ዞማ የሚባል ሙዚየም አለ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ግድግዳውን ያሠሩት በጭቃና በጭድ ነው፤ የገጠር ቤት በሚመረግበት በዚያው ጭቃ። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ጭቃው እንደ ጥልፍ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ለኤልያስ የሥዕል ሥራዎችም ከመርካቶ የተለቃቀመ የልብስ ቁልፍ፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የተጎነጎነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበቃል። እኔ ከሁሉ የማደንቅለት ትዕግሥቱን ነው፤ ቁሳቁሱ እስኪጠራቀም ዓመታት ይጠብቃል። እንግዲህ ጋርመንት አካባቢ ልጆች ከልብስ ሰፊ ደጃፍ ቁራጭ ጨርቅ ሲለቅሙ አይቆጧቸው፤ መርፌና ክር ይስጧቸው።