የሆስፒታል ውኃ ቁጠባ በሊትር ብቻ አይለካም

አዳዲስ የሆስፒታል ሕንፃዎች ሲመረቁ በኩራት ከሚነገርላቸው ነገሮች አንዱ ውኃ ቆጣቢነታቸው ነው። እጅ ሲቀርባቸው ብቻ የሚፈስሱት ባለሴንሰር ቧንቧዎችም የዚሁ ቁጠባ ምልክት ሆነዋል። ይሁን እንጂ ለቢሮና ለሆቴል የሚስማማው ቁጠባ ለሕሙማን ክፍልም ይስማማል ብሎ መቀበል ጥንቃቄ ይጎድለዋል።

በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተሞክሮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተመራማሪዎቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ ባለሴንሰሮቹ ቧንቧዎች የዕለቱን የውኃ ፍጆታ ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ነገር ግን ከእነርሱ ከተወሰዱት ናሙናዎች በ50 በመቶው ውስጥ ለብርቱ የሳንባ ምች የሚዳርገው ሌጂዮኔላ ተገኝቷል፤ በእጅ ከሚከፈቱት በተወሰዱት ናሙናዎች ግን የተገኘው በ15 በመቶው ነው። ተመራማሪዎቹ የቧንቧው ውስብስብ ቫልቭ ለባክቴሪያው መሸሸጊያ ሳይሆን እንዳልቀረ ገምተዋል። ሆስፒታሉም ለአዳዲስ ሕንፃዎቹ በእጅ የሚከፈተውን መርጧል።

ችግሩ ከአንድ ዕቃ ያለፈ ነው። ሌጂዮኔላ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የቆመ ውኃ ውስጥ ይራባል። ፍሰቱ ቀንሶ የመስመሩ ስፋት እንደነበረ ከቀረ ውኃው በመስመሩ ውስጥ ይቆያል፤ ክሎሪኑም ይመነምናል። እንዲህ ያለው ቁጠባ ከውኃ ሒሳብ ያተረፈውን በሕሙማን ላይ ያስከፍላል።

ይህ ማለት ሆስፒታል ውኃ አይቆጥብ ማለት አይደለም። ለመቆጠብ የሚመቸው ሰፊ ቦታ ከእጅ መታጠቢያው ርቆ ይገኛል። በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር የሚጠቀም የአራት ሰዓት የኩላሊት እጥበት 120 ሊትር የተጣራ ውኃ ይፈልጋል፤ ማጣሪያውም በዚያው ልክ ብዙ ውኃ ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ይህ ውኃ ታካሚውን ያልነካ፣ ጨውነቱ ብቻ ከፍ ያለ በመሆኑ ለመጸዳጃ ቤት ሊውል ይችላል። የአውቶክሌቭ ማቀዝቀዣ ውኃም እንዲሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ተኝቶ ታካሚ በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ቀዶ ሕክምና 100 ሊትር ይጠይቃል። በአገራችን ውኃ በፈረቃ በሚያገኙና ከሮቶ በሚቀዱ ሆስፒታሎች ይህን መጠን ማሟላት ከቁጠባ ይቀድማል። በመብራት ብቻ የሚሠራ ሴንሰርም መብራት በጠፋ ቁጥር ባለሙያውን እጁን ሳይታጠብ ያስቀረዋል።

እንግዲህ የሕንፃ ንድፍ ለመሐንዲሱ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያዎች ውኃው የት እንደሚቆም፣ ስንት ዲግሪ እንደሆነና ማን እንደሚመረምረው ሕንፃውን ከመረከባቸው በፊት ሊጠይቁ ይገባል።