የማይቸኩለው መርማሪ

የወንጀል ልብ ወለድ ለክርስቲያን ወጣት ይጠቅማል ወይ? ይህን ጥያቄ በኅብረታችን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። መልሴ «እንደ መጽሐፉ ነው» የሚል ነው። ዛሬ ስለ አንዱ ልንገራችሁ። አን ክሊቭስ የጻፈችው «ሬቨን ብላክ» እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ በዚያው ዓመት የብሪታኒያ የወንጀል ጸሐፊዎች ማኅበርን ትልቅ ሽልማት አግኝቷል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው ግን አያስቸግርም።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሕር ላይ በተበተኑት የሼትላንድ ደሴቶች ነው። ደሴቶቹ ከመቶ ይበልጣሉ፤ ሰው የሚኖርባቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት አይሞላም። ስለ ንፋሱ፣ ስለ ጭጋጉና ስለ በጎቹ ሳነብ ሳነቴ አምባ ላይ የቆምሁ መሰለኝ። ሁሉም የሚተዋወቅበት፣ እንግዳ መኪና ሲያልፍ መጋረጃ የሚገለጥበት አገር ነው። ጎሮ ላደግን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

በአዲስ ዓመት ሰሞን አንዲት ተማሪ በረዶ ላይ ተገድላ ትገኛለች። መንደሩ ወዲያው ጣቱን ማግነስ ቴት በሚባል ብቸኛ ሽማግሌ ላይ ይቀስራል። ሰውየው አእምሮው ዘገምተኛ ነው፤ ጠያቂ የለውም፤ ከዓመታት በፊት አንዲት ሕፃን ስትጠፋም የተጠረጠረው እሱ ነበር። የመንደሩ ማስረጃ ይኸው ነው። መርማሪው ጂሚ ፔሬዝ ግን አይቸኩልም። በየቤቱ ይዞራል፣ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ተመልሶም ይጠይቃል።

ብዙ አንባቢ «ይጎተታል» ብሎ መጽሐፉን የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ግን ውበቱ እዚሁ ነው። ደራሲዋ ማግነስ ቤት አስገብታን፣ በበዓል ሌሊት በሩን የሚያንኳኳ እንግዳ ሲጠብቅ ታሳየናለች። ቸኳይ መጽሐፍ ቢሆን «ተጠርጣሪ» ብሎት ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ሰውነቱን እስክናይ ድረስ አብረነው እንቀመጣለን።

አገራችንም ሁለቱንም መንገድ ታውቃለች። በሌባ ሻይ ዘመን መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ፈጣን ነበር፤ ምስክር አያሻውም። አውጫጭኝ ደግሞ ጥፋተኛው እስኪታወቅ የአካባቢውን ሰው ሰብስቦ ያቆያል። ሰውን ከሥራው እየፈታ ያጉላላ ነበር፤ ቢሆንም ከፍርድ በፊት ሰው ይጠየቅበታል። ዘዳግም 13፥14 ከፍርድ በፊት መርምር፣ ፈልግ፣ አጥብቀህ ጠይቅ ይላል። ምሳሌ 18፥17ም አስቀድሞ የተናገረው ሰው ትክክል የሚመስለው ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ብቻ መሆኑን ያስተምራል።

ይህን የምጽፈው ስላፈርሁ ነው። ከዓመታት በፊት አብሬ በማገለግልበት ኅብረት የመዋጮ ገንዘብ ጎደለ ተባለ። የሁላችንም ዓይን ያረፈው በቅርብ በመጣና ብዙ በማይናገር ልጅ ላይ ነበር። ማንም «ወስደሃል» አላለውም፤ ራቅ አልነው ብቻ። እኔም አንዱ ነበርሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ሲታይ አንድ መዋጮ በስህተት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ተገኘ። ገንዘቡ ከመጀመሪያውም አልጎደለም ነበር። ልጁ ግን ወደ ኅብረቱ አልተመለሰም።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ስም ያበዛሉ፤ ለታዳጊዎች የማይሆኑ ነገሮችም ስላሉበት ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን እላለሁ። ከሁሉም በላይ የቅር ያለኝ ግን ምርመራው ሲያልቅ መጽሐፉም ማለቁ ነው። በሐሜት የተጎዳ ሰው ደጅ ሄዶ «በደልሁህ» ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አያሳየንም። መጨረሻውን አልነግራችሁም። በኅብረታችሁ ካነበባችሁት ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ ከመገመታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ ማግነስን ከስንተኛው ገጽ ጀምሮ እንደፈረዳችሁበት ተነጋገሩ።

እኔም ያን ልጅ እያፈላለግሁት ነው።